ዓርብ ላይ የተጻፈው ቅዳሜ

ለኮሌጃችን ዓመታዊ መጽሔት ጡረታ ስለ ወጡት ዶክተር አንድ ገጽ እንድጽፍ ከታዘዝኩ ሁለት ወር አለፈኝ። «አንተ ብዙ ዓመት አብረሃቸው ሠርተሃል» አለኝ አዘጋጁ። «ታሪካቸውን፣ ያበረከቱትን፣ ትሕትናቸውን ጻፍልን። ፎቶ አለን፤ አንተ ጽሑፉን ብቻ አምጣ።» ፎቶውን አውቀዋለሁ። በሽኝታቸው ቀን የተነሳ ነው። ባለ ጥልፍ የአገር ልብስ ደርበውላቸው፣ ፍሬም የገባ ምስክር ወረቀት አስታቅፈዋቸው፣ ሁለት ኃላፊዎች ግራና ቀኝ ቆመው ይስቃሉ። ከኋላ የእኔም ግማሽ ፊት ይታያል። እኔም እየሳቅሁ ነው።

ሁለት ጊዜ ጽፌ ሁለት ጊዜ ቀደድኩት። «ታታሪ፣ ትሑት፣ የእናት አንጀት ያላቸው» እያልኩ ጀምሬ ሦስተኛው መስመር ላይ እጄ እምቢ ይለኛል። የጻፍኩት ውሸት ሆኖ አይደለም። ያው እጅ ሌላም ነገር ጽፏል፤ እሱን ሳልናገር እሳቸውን ማወደስ አሳፍሮኝ ነው። ስለዚህ መጽሔቱ ይቅርበት። ይኼን እጽፋለሁ።

እኔ የላቦራቶሪ ቴክኖሎጂስት ነኝ። አባቴ ከመሀል አገር መጥቶ ዲላ ሱቅ ከፈተ፤ እኔ እዚሁ ተወለድኩ፣ እዚሁ ተማርኩ፣ እዚሁ ተቀጠርኩ። የምሠራበት ኮሌጅ ትንሽ የጤና ኮሌጅ ናት፤ ስሟን መጥራት አያስፈልግም። አንድ ላቦራቶሪ፣ አንድ አዳራሽ፣ አራት የመማሪያ ክፍል፣ ከተቃጠለ ዓመታት ያለፉት ትልቅ ጄኔሬተርና የሚሠራ አንድ ትንሽ ጄኔሬተር አላት። ትንሹ ጄኔሬተር ለዶክተር ፍሪዘር የተመደበ ነበር። የዚህ ሁሉ ወሬ መነሻም መድረሻም ያ ፍሪዘር ነው።

ዶክተር መጀመሪያ ሐኪም ነበሩ። ገና ወጣት ሴት ሳሉ በዚሁ በጌዴኦ በአንድ ጤና ጣቢያ ተመድበው ሲሠሩ፣ አንድ ጠዋት አንድ ገበሬ በቃሬዛ መጣላቸው። ቀጭን፣ ዕድሜው ሠላሳ ያልሞላው፣ ውኃ ጥም ያቃጠለው ሰው። ስኳር በሽታ ነበር። የተማሩበት መጽሐፍ እንዲህ ያለ ሰው በዚህ ዕድሜ በዚህ መልክ እንደሚታመም አልነገራቸውም። ሰውየው በሦስተኛው ቀን ሞተ። «ሰውየውን ቀበሩት፤ ለምን የሚለው ጥያቄ ግን እኔ ጋ ቀረ» ይሉ ነበር፤ ይኼን ሲሉ ድምፃቸው ከፍም ዝቅም አይልም።

ያንን ጥያቄ ይዘው ውጭ አገር ሄዱ፣ ባዮኬሚስትሪ ተማሩ፣ ዶክትሬታቸውን ያዙ። እዚያው ቢቀሩ ማንም አይፈርድባቸውም ነበር። ሲመለሱ ግን ፈረድንባቸው። «ምን አጥፍታ ነው የተመለሰችው?» ሲባል በገዛ ጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ እውነቱን ለመናገር እኔም ብያለሁ። ያሰበ ሰው እዚያ የሚቀር፣ የሚመለሰው የተባረረ ብቻ ይመስለናል።

ሲመጡ ይዘውት የመጡት ዕቃ ያ ፍሪዘር ነው። የተማሩበት ላቦራቶሪ አሮጌ ብሎ ሊጥለው ሲል ለምነው ወሰዱት። የቁም ሳጥን ያህላል፤ ከዜሮ በታች ሰማንያ ዲግሪ ያቀዘቅዛል። ጉምሩክ ከርሞ ዲላ ሲደርስ እኔና ሰባት ሰው ነን ከመኪና ያወረድነው። ያን ቀን እጃቸውን በሩ ላይ ጭነው «አንተ ነህ እንግዲህ ጠባቂው» አሉኝ። ደስ አለኝ። ማንም ሰው ጠባቂ ብሎኝ አያውቅም ነበር።

ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ዓመት በየገጠሩ ደም ሰበሰብን። ከይርጋጨፌ፣ ከኮንጋ፣ እስከ ገደብ ድረስ። ስኳር ከያዛቸው ቀጫጭን ወጣቶች፣ ከወንድሞቻቸውና ከእህቶቻቸው፣ ከእናት ከአባታቸው። ደሙ የሚወሰደው በባዶ ሆድ ነው፤ ስለዚህ ከንጋት በፊት እንነሳለን። እዚህ አገር ደግሞ እንግዳ ቤት ገብቶ ሳይቀምስ አይወጣም፤ እንግዳው ሳይበላ ደግሞ ባለቤቱ አይበላም። መጀመሪያ ላይ አልገባንም፤ ደም ሰጥተው እንደጨረሱ «በሉ አሁን ቁርሳችሁን ብሉ» ብለን ለመሄድ ስንነሳ እነሱም አይበሉም። ራሳቸውን የሳቱ ነበሩ። ዶክተር ይኼን ካዩ በኋላ ሥርዓት አወጡ፦ እኛም ከማታ ጀምሮ ሳንበላ እንመጣለን፣ ደሙ ይወሰዳል፣ ከዚያ አብረን ቁጭ ብለን እንበላለን። «ሳትበሉ ቆዩኝ የምል ሰው ጠግቤ መምጣት የለብኝም» አሉ። እኔ በሆዴ እያጉረመረምኩ አሥራ አንድ ዓመት በባዶ ሆድ ሞተር ላይ ተቀመጥኩ። ከየቤቱ ያልበላሁት የቆጮ ዓይነት የለም።

ሌላም ሥርዓት ነበራቸው። ደም የወሰዱበትን ቤት ተመልሰው ሳይጎበኙ አይቀሩም። «ደሜን ወስዳ ጠፋች እንዳልባል» ይላሉ። ውጤቱ ገና ቢሆን ገና ነው ብለው ለመንገር ብቻ ኮንጋ ድረስ ይወጣሉ። እኔ ይኼን እብደት እለው ነበር፤ ለሚስቴ እንጂ ለእሳቸው አልነገርኳቸውም።

ኮንጋ ላይ አንድ አዛውንት አሉ፤ አማርኛቸው ሴትና ወንድ አይለይም። ቡና ማጠቢያው ጣቢያ የሚደርቀውን ቡና ከእንጨትና ከሽቦ በተሠራ ማድረቂያ አልጋ ላይ ያገላብጣሉ። ሴት ልጃቸው በአሥራ ሰባት ዓመቷ ታመመች። ዶክተር ኢንሱሊን አስጀመሯት፣ መርፌውን እንዴት እንደምትወጋ አስተማሯት፣ መድኃኒቱን በእርጥብ አሸዋ በተሞላ እንስራ ውስጥ እንድታስቀምጥ አሳዩአት። ሁለት ጊዜ ደም ሰጠችን፤ መርፌውን ሳታይ ወደ ቡናው ዘወር ብላ ትስቅ ነበር። በሦስተኛው ክረምት መንገዱ ተቆረጠ፣ ኢንሱሊኑ አለቀ፣ እኛ ስንደርስ ልቅሶው አልቋል። ዶክተር ደጃፉ ላይ ቁጭ ብለው አለቀሱ፤ ሐኪም ሲያለቅስ ያን ቀን ነው ያየሁት።

በዚያው ቀን አዛውንቱ ጠየቁ። «የልጄ ደም እናንተ ጋ አለ?»

«አለ» አሉ ዶክተር።

«የት?»

«በረዶ ቤት ውስጥ። በጣም ቀዝቃዛ።»

ሰውየው አሰቡና «አይበርደውም?» አሉ።

እኔ መሬት መሬት አየሁ። ዶክተር ግን ሳይቸኩሉ መለሱላቸው። «ብርዱ ነው የሚያቆየው። እስከሚመረመር እንዳለ ይቆያል።» ከዚያ በኋላ በሄድን ቁጥር ሰላምታ ከመስጠታቸው በፊት «ልጄ ደህና ነው?» ይላሉ፤ ዶክተርም «ደህና ነው፤ እንዳለ ነው» ይላሉ። ውሸት አልነበረም።

አሁን ወደ ወረቀቱ ልምጣ። በፍሪዘሩ በር ላይ በየወሩ አንድ ወረቀት ይለጠፋል። ቀን፣ ሰዓት፣ ቁጥር፣ ፊርማ። ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ ያለውን የሙቀት ቁጥር አይቼ እጽፋለሁ፣ እፈርማለሁ። ሳምንቱን ሙሉ፤ ቅዳሜና እሁድንም ጨምሮ። መጀመሪያ ላይ ቅዳሜና እሁድ እመጣ ነበር። በሁለተኛው ክረምት አንድ ዓርብ ዝናቡ በረታ፣ ነገ በዚህ ጭቃ ማን ይመጣል ብዬ የቅዳሜንና የእሁድን ቁጥር ዓርብ ከሰዓት ሞላሁት። ሰኞ ስመጣ ፍሪዘሩ ደህና ነበር። በሚቀጥለው ዓርብም ሞላሁት። ከዚያ በኋላ ዝናብም አላስፈለገኝም። እውነት እንዲመስል ሁለቱን ቀን አንድ ዓይነት አልጽፍም፤ ቅዳሜ ከዜሮ በታች ሰባ ዘጠኝ፣ እሁድ ሰማንያ። አንዳንዴ ደግሞ ሰባ ስምንት። ሰኞ ዶክተር ወረቀቱን አይተው ከሥር ይፈርማሉ። ይኼን እኔ ብቻ የማደርገው አይመስለኝም፤ በዚህ አገር ስንት የሙቀት ወረቀት፣ ስንት የጥበቃ መዝገብ ዓርብ ላይ እንደሚሞላ የሚሠራው ያውቀዋል። ግን የእኔ ፍሪዘር ውስጥ ሰው ነበር።

የጡረታቸው ዓመት ደረሰ። ደሙ ግን ገና አልተመረመረም። ምርመራው የሚፈልገው መሣሪያ እኛ ጋ የለም፤ በየዓመቱ ጠየቁ፣ በየዓመቱ «በዕቅድ ተይዟል» ተባሉ። አንድ ጊዜ የመጣው ኬሚካል ጉምሩክ ውስጥ ጊዜው አልፎበት ደረሰ። በመጨረሻ በራሳቸው ደብዳቤ፣ በራሳቸው ስልክ፣ አዲስ አበባ ያለ አንድ ላቦራቶሪ ደሙን ተቀብሎ ሊመረምር ተስማማ። ደረቅ በረዶ የጫነ መኪና ረቡዕ ሊመጣ ተቀጠረ። አሥራ አንድ ዓመት የተጠበቀው ሁሉ በዚያ ረቡዕ ላይ ቆመ።

ሽኝታቸው ከረቡዕ በፊት ባለው ቅዳሜ ሆነ። የሽኝቱ ኮሚቴ ሰብሳቢ እኔ ነበርኩ። ዶክተር ቢሮዬ መጡና «እባክህ በሳምንት አራዝሙልኝ፤ ደሙን ልላክና ከዚያ እንደወደዳችሁ አድርጉኝ» አሉ። ጠየቅሁላቸው። የክብር እንግዳው ከሐዋሳ የሚመጡት ቅዳሜ ብቻ ነው ተባለ። የክብር እንግዳውን ዶክተር አያውቋቸውም፤ እሳቸውም ዶክተርን አያውቁም። ግን ያለ ክብር እንግዳ ክብር እንዴት ይሰጣል?

ቅዳሜ ጠዋት መብራት ጠፋ። አዳራሹ ተሸልሟል፣ ባነሩ ተሰቅሏል፣ ድምፅ ማጉያው ድምፅ የለውም። የፕሮግራም መሪው ላብ እያጠመቀው መጣ። «የላቦራቶሪውን ጄኔሬተር ስጠን። ሁለት ሰዓት ብቻ።» አሰብኩ። ፍሪዘሩ በሩ ካልተከፈተ ሁለት ሰዓት፣ ሦስት ሰዓትም ምንም አይሆንም፤ ይኼ እውነት ነው። የንብረት መውጫው ፎርም ላይ ፈረምኩ። ስፈርም የፍሪዘሩን በር አየሁት፤ የዕለቱ ቁጥር ትናንት ተሞልቷል። ሰባ ዘጠኝ። እንዲያው ሳየው አእምሮዬ አረፈ። ይኼን ለማመን የሚከብድ ከሆነ እኔም አልፈርድም፤ ነገር ግን ራሴ የጻፍኩት ውሸት ለራሴ መረጃ ሆነልኝ።

ጄኔሬተሩ አዳራሹ ጀርባ ተቀምጦ ተነሳ። ሙዚቃው ሲለቀቅ ዶክተር ከፊት መቀመጫ ዘወር ብለው በዓይናቸው ፈለጉኝ፤ እጃቸውን አንስተው «መብራት መጣ?» አሉ። ራሴን ነቅንቄ «አዎ» አልኳቸው። ፈገግ አሉና ፊታቸውን መለሱ።

ስድስት ሰው ንግግር አደረገ። ስድስቱም «እናታችን» አሉ። እናታችን ደግ ናቸው፣ እናታችን ሲቆጡም ያምርባቸዋል፣ እናታችን ልጆቻቸውን አሳድገው ለወግ ለማዕረግ አብቅተዋል። ባዮኬሚስትሪ የሚለውን ቃል ማንም አላነሳም። የክብር እንግዳው የዶክተርን ስም ከወረቀት ላይ አነበቡ፤ ሁለተኛ ሲጠሯቸውም ከወረቀት ላይ። ልብሱን ደረቡላቸው፣ ምስክር ወረቀቱን ሰጧቸው፣ ተጨበጨበ።

መጨረሻ ላይ ለእሳቸው ሦስት ደቂቃ ተሰጠ። ማይኩን ይዘው አመሰገኑና ወዲያው ወደ ደሙ ገቡ። «እዚህ ግቢ ውስጥ አንድ ፍሪዘር አለ። በውስጡ ያሉት ሰዎች መልስ እየጠበቁ ነው። ረቡዕ...» ሲሉ የፕሮግራም መሪው በሹክሹክታ ምግቡ እየቀዘቀዘ መሆኑን ነገራቸው፤ ሹክሹክታው በማይኩ ለሁላችንም ተሰማ። ሰው ሳቀ። እሳቸውም ሳቁና ማይኩን መለሱ። ስለ ፍሪዘሩ የተናገሩበት ድምፅ ከፍሪዘሩ ጄኔሬተር ነበር የሚመጣው። ይኼን ከእኔ በቀር ያወቀ አልነበረም።

ከዚያ ምሳ ሆነ። ጥሬ ሥጋ ነበር፣ ቢራ ነበር። ጄኔሬተሩን አልረሳሁትም፤ ቢያንስ ሁለቴ ትዝ ብሎኛል። አንዴ ልነሳ ስል አንድ ወዳጄ በጉርሻ ያዘኝ። ሁለተኛው ላይ፣ ለጥበቃው ነግሬዋለሁ ብዬ ራሴን አሳመንኩ፤ አልነገርኩትም። የአዳራሹ ኃላፊ አዳራሹንም የጓሮውንም በር ቆልፎ፣ ጄኔሬተሩን ከውስጥ ትቶ፣ ቁልፉን ይዞ ለቅዳሜና እሁዱ ወደ ቤተሰቦቹ ገደብ ሄደ። እኔም ቤቴ ሄድኩ። የከተማው መብራት የመጣው እሁድ ሌሊት ነው። እሁድን ቤቴ ስውል የግቢው ነገር አላስጨነቀኝም። ወረቀቱ ተሞልቷላ።

ሰኞ ጠዋት የላቦራቶሪውን በር ስከፍት ወለሉ ውኃ ነበር። ፍሪዘሩ እንደገና በርቶ ይጮኻል፤ ሙቀቱ መውረድ ጀምሯል። ከፈትኩት። ደሙ ያለባቸው ትናንሽ ቲዩቦች ቀልጠው እንደገና ሊጋገሩ ሲሞክሩ፣ ቀለማቸው ተቀይሮ፣ በላያቸው የተለጠፈው የስም ወረቀት ተልጦ ከታች ተከማችቷል። እንደዚያ የሆነ ደም ለዚያ ምርመራ አይሆንም። ለየትኛውም አይሆንም። ስሞቹን ከውኃ ውስጥ በእጄ ለቀምኩ፤ ለምን እንደለቀምኳቸው አላውቅም።

ዶክተር በሁለት ሰዓት መጡ። ለረቡዕ ሊያሽጉ ነበር፤ ሣጥኖቹን አስይዘው መጥተዋል። ወለሉን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ፍሪዘሩን ከፍተው አንድ ቲዩብ አነሱ፣ ወደ መስኮቱ አድርገው ተመለከቱት፣ መለሱት። አልጮኹም። በሩን ዘጉትና ወረቀቱ ፊት ቆሙ። ጮክ ብለው አነበቡት።

«ቅዳሜ፣ ሰባ ዘጠኝ። እሁድ፣ ሰማንያ።»

ወደ እኔ ዞሩ።

«ስንት ዓመት ነው?»

«ምኑ ዶክተር?»

«ዓርብ ዓርብ የምትጽፈው።»

ከዚያ በፊት በሕይወቴ ያን ያህል የመዋሸት ፍላጎት መጥቶብኝ አያውቅም። «ከሁለተኛው ክረምት ጀምሮ» አልኩ።

ወንበር ስበው ተቀመጡ። ያኔ ነው እኔም የገባኝ። አንድ ሣጥን እንኳ በተአምር ቢተርፍ፣ ቅዳሜና እሁዱ ሁሉ የሐሰት ከሆነ፣ ባለፉት ዓመታት ፍሪዘሩ ስንት ጊዜ ሞቆ ስንት ጊዜ እንደቀዘቀዘ የሚያውቅ የለም። መቅለጡ የአንድ ቅዳሜ ጥፋት ነው። ወረቀቱ ግን ዓመታቱን በሙሉ ይዞ ሄደ። አዲስ አበባ ደውለው መኪናው እንዳይመጣ ነገሩ። ምክንያቱን ሲጠየቁ «ናሙናው አስተማማኝ አይደለም» ብቻ አሉ። ስሜን አልጠሩም።

ለአስተዳደሩ ሪፖርት ተጻፈ። በሪፖርቱ ላይ «በመብራት መቆራረጥ ምክንያት» ተባለ። ማንም አልተጠየቀም። እኔን ሊያጽናኑኝ የመጡ ሁሉ ነበሩ፤ «አይዞህ፣ መብራት ምን ታደርገዋለህ» አሉኝ። አይዞህ ሲሉኝ አሜን ብዬ ተቀበልኩ።

በዚያው ሳምንት ዶክተር «ነገ ኮንጋ እንሄዳለን» አሉኝ። «ምን እንላለን?» ስላቸው «የሆነውን» አሉ። በአውቶቡስ ይርጋጨፌ ድረስ፣ ከዚያ በሁለት ሞተር። ከማታ ጀምሮ አልበላሁም፤ ደም እንደማንወስድ እያወቅሁ እንኳ አልበላሁም። እሳቸውም አልበሉም። የለቀማው ወቅት ነበር፤ መንገዱ በሙሉ የቡና ገለባ ይሸታል።

አዛውንቱ አልጋው ላይ ቡና እያገላበጡ አገኘናቸው። እጃቸውን ጨርቃቸው ላይ ጠራረጉ። «ዶክተር፣ መጣህ? ልጄ ደህና ነው?»

ዶክተር እንደወትሮው አልመለሱም። ቀረብ ብለው የአዛውንቱን እጅ ያዙ። «አባቴ፣ ይቅርታ ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት። በረዶ ቤቱ ጠፍቶ ደሙ ተበላሸ። የልጅዎም የሌሎቹም። ጠብቄ ላቆየው ቃል ገብቼልዎ ነበር፤ አልጠበቅሁትም። እኔ ነኝ ያበላሸሁት።»

ሁለት እርምጃ ከኋላቸው ቆሜያለሁ። አፌን መክፈት ነበረብኝ። ሰውየው እኔንም ተመለከቱኝ፤ እኔ ግን ቡናውን አየሁ።

«ቀለጠ?» አሉ።

«ቀለጠ።»

«እንግዲህ ሞቀው» አሉ አዛውንቱ፤ አልጋው ጠርዝ ላይም ቁጭ አሉ። እዚያ ቆሜ ቢሰድቡን፣ ቢያባርሩን፣ የፈለጉትን ቢያደርጉን ተመኘሁ። ቀስ ብለው የሸሚዛቸውን እጅጌ እስከ ክንዳቸው ጠቀለሉና ክንዳቸውን ዘረጉ። «አባቱ አለሁ አይደለም እንዴ? እኔ ያው ደም ነኝ። ውሰድ። ቁርስ አልበላሁም።»

ዶክተር ቦርሳ አልያዙም። ጡረተኛ ናቸው፤ መርፌ የላቸውም፣ ቲዩብ የላቸውም፣ የሚያስቀምጡበት የላቸውም። ግን ልማድ ሆኖባቸው አውራ ጣታቸውን የሰውየው ክርን ላይ አደረጉ፣ ደም ሥሩን ፈልገው አገኙት፣ ጫን ብለው ያዙት። «ጥሩ ደም ሥር ነው» አሉ። ከዚያ እጅጌውን ራሳቸው አወረዱላቸው፣ ቁልፉንም ቆለፉላቸው። አዛውንቱ አስገድደው ቤታቸው አስገቡን፤ አብረን በላን።

ስንመለስ ይርጋጨፌ አውቶቡስ እየጠበቅን «ለምን እኔ ነኝ አሉ?» አልኳቸው። «እኔ አይደለሁም እንዴ?»

«ፍሪዘሩ የእኔ ነበር» አሉ። «ሰኞ ሰኞ ወረቀቱን አይቼ እፈርም ነበር። በዲላ መብራት ያልጠፋበት ቅዳሜ ስንት ነው? ያንተ ቅዳሜ ግን አንድ ቀን እንኳ ሞቆ ወደ ሰባ አልወጣም። ባዮኬሚስት ነኝ፤ ቁጥር ሲዋሽ ማየት ሙያዬ ነው። አላየሁም፤ አንተን ማመን ስለቀለለኝ።» ከዚያም ፊታቸውን ወደ መንገዱ መልሰው «ብሰድብህ ይሻልህ ነበር፤ አውቃለሁ» አሉ። አውቶቡሱ መጣና ተሳፈርን።

ጡረታ ወጥተው ከዲላ ከመሄዳቸው በፊት አንድ ነገር ብቻ አዘዙኝ። «ፍሪዘሩን እንዳትነቅሉት። ባዶም ቢሆን ይሥራ። ኮንጋ ላይ የተዘረጋ ክንድ አለ፤ አንድ ቀን የሚመጣ ሰው ሊኖር ይችላል።» እስካሁን የመጣ የለም። በእሳቸው ቦታ የሚተካ ሰው ለማግኘት ማስታወቂያ ወጥቶ ነበር፤ ማንም አላመለከተም። ምስክር ወረቀታቸውን ይዘውት አልሄዱም፤ ቢሯቸው ግድግዳ ላይ ነው ያለው፤ ቢሮው አሁን የኮፒ ማሽን ክፍል ሆኗል።

እኔ ቅዳሜም እሁድም እሄዳለሁ። ክረምት ሲሆን በጭቃ እሄዳለሁ። በሩ ፊት ቆሜ ቁጥሩን አያለሁ፣ ሰዓቱን እጽፋለሁ፣ እፈርማለሁ። መብራት ጠፍቶ ከሆነ ጠፍቶ ነበር ብዬ እጽፋለሁ፤ ወረቀቱ ላይ አሁን አርባም አለ፣ ሃያም አለ። ባልደረቦቼ ይስቁብኛል። ባዶ ቁም ሳጥን ጠባቂ ይሉኛል።

ባለፈው እሁድ ጠዋት እዚያው ቆሜ ስልኬ ጮኸ። ዶክተር ነበሩ፤ ከሄዱ ጀምሮ የደወሉልኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው። ጤናዬንም ልጆቼንም አልጠየቁም።

«ስንት ይላል?» አሉ።

«ሰባ ዘጠኝ» አልኳቸው። እውነት ሰባ ዘጠኝ ነበር፤ ዓይኔ ቁጥሩ ላይ ነው።

«እሺ» አሉ፤ ያለማመናቸው በዚያች ቃል ውስጥ ይሰማ ነበር። ከዚያ ስልኩን ዘጉት።